ሐሙስ ሐሙስ የሚጠራ መዝገብ

እናቴ ቂም አትረሳም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ እሷ ራሷ ብትሰማኝ "እውነቷን ነው" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሥራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ጎማ ከሚለጥፈው ሰውዬና ባትሪ ከሚሞላው መሐል፣ ሁለት ከባድ የስፌት መኪና ብቻ የምታስገባ ጠባብ ሱቅ አለቻት። ቀኑን ሙሉ ከቆዳና ከስፖንጅ ጋር ስትታገል ትውላለች። መቀስ አጠገቧ እያለ ክር የምትበጥሰው በጥርሷ ነው። ደንበኞቿ አብዛኞቹ የሚኒባስ ሹፌሮች ናቸው፤ "እትዬ" ይሏታል፣ ይፈሯታል፣ እየተሳደበች ነው የምትሰፋላቸው፣ ሌላ ሰፊ ጋ ግን አይሄዱም።

ቂሟ ያለው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በአባቴ ታላቅ ወንድም። ለእኔ አጎቴ መሆኑ ነው። እኛ ቤት ግን ስሙም ሆነ ዝምድናው አይነሳም፣ "ሰውየው" ነው የሚባለው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱና እናቴ ባልና ሚስት ሆነው ዓመታት ኖሩ፤ ለመፈራረም ግን ነገ ዛሬ ሲሉ ጊዜው አለፈ። እሱ ጉዞ ላይ ነው፣ እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ደግሞስ ማን ይጠይቀናል እያሉ። በመሐሉ ሰውየው ሥራ ፍለጋ ብሎ መጣና እነሱ ቤት አረፈ። አረፈ ስል አንድ ሰሞን እንዳይመስላችሁ፣ ዓመት አልፎት ዓመት ደግሟል። እናቴ አብልታዋለች፣ ካልሲውን አጥባለታለች፣ ሲታመም አስታማዋለች። እኔ ስወለድ አባቴ መንገድ ላይ ስለነበር ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ያደረው ሰውየው ነው። ከዚያ አባቴ ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ።

ሐዘኑ ሳይበርድ ሰውየው ፍርድ ቤት ሄዶ የወንድሜ ብቸኛ ወራሽ እኔ ነኝ ብሎ አመለከተ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ እኔን አዝላ እየሮጠች ሄደች፤ ሚስቱ እኔ ነኝ፣ ይቺም ልጁ ናት ብላ ተቃወመች። ዳኛው ሰውየውን አስምለው ጠየቁት። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ "አላውቃትም" አለ። ወንድሜ ብቻውን ነበር የሚኖረው፣ ልጅም አልነበረውም፣ ይህችን ሴት ዛሬ ገና ማየቴ ነው ብሎ መሰከረ። የለበሰው ኮት ገበሩ ተቀዶ እናቴ የሰፋችለት ነበር። እሷ ከዚያ ቀን የዳኛውን መልክ አታስታውስም፤ ሰውየው ለመሐላ እጁን ሲያነሳ ኮቱ ተከፍቶ የገዛ ስፌቷን ማየቷን ግን ዛሬም ስትናገር ድምጿ ይቀየራል።

ጎረቤቶቹ ይመሰክሩልኛል ብላ ነበር። ሰውየው ግን ቀድሟት በር በራቸውን አንኳኩቶ ኖሮ፣ ሁሉም በሰው የቤት ጉዳይ አንገባም ብለው ተበተኑ። ጉዳዩ ተቃዋሚዋ አላስረዳችም ተብሎ ተዘጋ። ቤቱ ለሰውየው ሆነ፤ እኛ አንድ ስፌት መኪናና አንድ ሻንጣ ይዘን ወጣን። ይግባኝ በይ ያላት ሰው አልነበረም። የሚላት ሰው ሲገኝ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር።

ስለ ቤቱ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጅ ሆኜ፣ በዚያ ሰፈር ስናልፍ ቤታችን የትኛው ነበር ብዬ ጠየቅኳት። "ተይው፣ ቤት ቤት ነው፣ ያረጃል ይፈርሳል" አለችኝ። "አላውቃትም ማለቱን ግን የት ላድርገው?" ከዚያ ወዲህ የምትፈልገውን አውቄያለሁ። ካሳ አትፈልግም፣ ይቅርታም አትፈልግም። ሰውየው አላውቃትም ባለበት ቦታ ቆሞ አውቃታለሁ እንዲል ነው የምትፈልገው። ይህን ፍላጎቷን ይዛ እኔን አሳደገች፣ አስተማረች፣ መነጽር ቤት አስቀጠረችኝ፤ ቂሟም አብሮኝ አደገ ማለት ይቻላል።

ሰውየውም በበኩሉ አደገ። የወንድሙን ቤት ክፍሎች አከራይቶ ሚኒባስ ገዛ፣ ከአንዱ ሚኒባስ ሌላውን ወለደ፣ በመጨረሻ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። በአደባባይ ሲናገር አፉን ሞልቶ ስለ መተማመንና ስለ ቤተሰባዊነት ነው አሉ። እናቴ ይህን የምትሰማው ከሹፌሮቹ ነው፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ መኪናዋን እያስጮኸች ትሰፋለች፣ ፊቷ አንዳች ነገር አይናገርም። የሊቀመንበሩ ስም ሲነሳ ግን መርፌው ይፈጥናል።

ነገሩን የቆሰቆሰው አንድ ጠበቃ ነው። አሮጌ መኪናውን የኋላ ወንበር ሊያስለብስ አምጥቶ ነበር። እናቴ ወንበሩን ነቅላ አስገባች፤ እሱ የራሱ መኪና የፊት ወንበር ላይ በር ክፍት አድርጎ ተቀምጦ ወሬውን ለቀቀው። ወሬኛ ነው፤ እንዲያ ያለ ሰው ምስጢር የሚጠብቅ ሙያ ውስጥ እንዴት እንደገባ እንጃ። ደንበኞቼ አያምኑኝም አለ፤ የተዘጋ መዝገብ እንደ ሬሳ የተቀበረ ይመስላቸዋል፣ ማንኛውም ሰው አመልክቶ ማየትና ግልባጭ መውሰድ እንደሚችል ስነግራቸው ይስቁብኛል አለ።

እናቴ ስፌት መኪናዋን አቆመች። "ማንኛውም ሰው?"

"ማንኛውም ሰው።"

"ጠላትም?"

"ጠላት ሰው አይደል እንዴ፣ እትዬ?"

ከዚያ ወዲያ ጠበቃው እስኪሰለቸው ድረስ ጠየቀችው። የመዝገቡን ቁጥር የማታውቅ ከሆነ ዓመቱንና የባለጉዳዩን ስም ጽፋ ለመዝገብ ቤት ብታመለክት፣ በስም ማውጫ ፈልገው እንደሚያወጡላት ነገራት። የሚከፈለውም ለሻይ የማይሞላ ነገር ነው አላት። ያን ቀን የጠበቃውን ወንበር ድርብ ስፌት ሰፋችለት፤ ያላዘዘውን።

ሐሙስ የእኔ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ይዛኝ ሄደች። ፍርድ ቤቱ ረጅም ኮሪደር ያለው ሕንፃ ነው፤ በአንድ በኩል ችሎቶቹ፣ በመጨረሻው መዝገብ ቤቱ አለ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት አግዳሚ ወንበሮች ቀለማቸው በሰው መቀመጫ ተልጦ አልቋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጉንፋን የያዛት፣ በአንድ እጇ መሐረብ በአንድ እጇ ማኅተም የምትይዝ ሴት ናት። እናቴ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ፈለገች፣ የለም አለች። በሳምንቱ ዓመቱን አስተካክለን መጣን፣ አሁንም የለም። በሦስተኛው እናቴ አጥፍተውታል፣ ሰውየው ከፍሎ አስቀድዶታል ማለት ጀመረች። መስኮቱን በእጇ ደልቃ መዝገቤን አምጡ አለች።

ሴትዮዋ አፍንጫዋን ጠራርጋ በትዕግሥት ጠየቀቻት፤ ለመሆኑ ጉዳዩን የከፈተው ማን ነው?

"እኔ ነኛ" አለች እናቴ።

"ቅድም ተቃውሜ ነበር አላሉኝም? ተቃዋሚ መዝገብ አይከፍትም እኮ፣ እትዬ። መዝገብ የሚከፈተውም ማውጫ ላይ የሚገባውም በአመልካች ስም ነው።"

እናቴ እጇን ከመስኮቱ ላይ አነሳች። ያን ሁሉ ዓመት "መዝገቤ"፣ "ክሴ"፣ "የእኔ ጉዳይ" ስትል ነው የኖረችው። ለካ መዝገቡም እንደ ቤቱ የሰውየው ነበር፤ እሷ እዚያም ውስጥ በእንግድነት ነው የገባችው። ሴትዮዋ አዲስ ወረቀት ሰጠቻት። እናቴ የሰውየውን ስም ከላይ፣ በገዛ እጇ፣ በትልቁ መጻፍ ነበረባት። እስክሪብቶውን ከመጫኗ የተነሳ ወረቀቱን ቀደደችው። ሁለተኛ ወረቀት ተሰጣት፣ ጥርሷን ነክሳ ጻፈች። እኔ ጎኗ ቆሜ ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩም።

በሳምንቱ መዝገቡ ከምድር ቤት ወጥቶ ጠበቀን። እዚያ ፍርድ ቤት አንድ አሠራር አለ። መዝገብ የሚያመላልሰው ሠራተኛ መዝገቡ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ የጠየቀውን ሰው ስም አይጠራም፤ መዝገቡ የተሳሳተ ሰው እጅ እንዳይገባ የአመልካቹንና የተቃዋሚውን ስም ከነአባታቸው፣ ከጉዳዩ ዓይነት ጋር ነው የሚጠራው። ሠራተኛው አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው፤ ሜጋፎን ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ሲጠራ የኮሪደሩ መስታወት ይርገበገባል።

ሜጋፎን የሰውየውን ስም ጠራ፤ ቀጥሎ የእናቴን፤ "የወራሽነት ክርክር" ብሎ ጨረሰ። ገብተን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። መዝገቡ አቧራና እርጥበት ይሸታል። እናቴ ገጾቹን በጣቷ እያገላበጠች ሄዳ አንድ መስመር ላይ ቆመች። "አላውቃትም ሲል በመሐላ መስክሯል" ይላል። ጣቷን እዚያ ላይ አስቀምጣ አላነሳችም። ከሥሩ ባለው መስመር ስለ እኔ ተጽፏል፤ ሕፃኗም የሟች ልጅ አይደለችም ይላል። እንደዚያ ማለቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በማኅተም ሥር ተጽፎ ሳየው ግን ቶሎ ገጹን ገለበጥኩት። በቃ አየሽው አይደል፣ እንሂድ አልኳት።

ስንወጣ ኮሪደሩ በሹፌር ተሞልቷል። ሐሙስ የትራፊክ ችሎት የሚያስችልበት ቀን ነው፤ ትርፍ የጫነ፣ ቀይ መብራት የጣሰ፣ መንጃ ፈቃዱ ያለፈበት ሁሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ይሰለፋል። ከደንበኞቿ አንዱ፣ ቀጭን ረጅም ሹፌር፣ ብድግ ብሎ ሰላም አላትና ቅድም የተጠራው የሊቀመንበራችን ስም አይደለም ወይ፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ያኔ አልወደድኩትም።

"ግባና አይተህ ድረስበት" አለችው። "ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው።"

በቀጣዩ ሐሙስ ዕረፍት ላድርግ ብዬ ተኝቼ ነበር፤ ቀስቅሳኝ ተነሽ እንሂድ አለች። ጨርሰሽ አላነበብሽውም እንዴ ብላት ገና ነው አለች። ሄደን አመለከተች፣ ሜጋፎን ጠራ፣ ገባች፣ ያንኑ ገጽ ከፈተች፣ ጣቷን አስቀመጠች፣ ዘግታ ወጣች። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ጨነቃት፤ እትዬ፣ ባለፈው አላነበቡትም ወይ አለቻት። እናቴ ዓይኔ ደክሟል፣ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው አለች። መነጽሯን የለካሁላት እኔ ነኝ። በጨለማ ውስጥ ክር በመርፌ ቀዳዳ ታስገባለች።

ሜጋፎንም ነገሩ የገባው ይመስለኛል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም መዝገብ ነበር የሚጠራው፤ በኋላ ግን የሰውየው ስም ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይወስዳል፣ "ወራሽነት" ላይ ሲደርስ ድምፁን ይጎትተዋል። ሹፌሮቹ ወሬያቸውን አቁመው ይጠብቁታል። ቀጭኑ ሹፌር የቅጣት ተራውን ሲጠብቅ ሰልችቶት ራሱ አመልክቶ መዝገቡን አነበበው። ከእሱ በኋላ ሌላው፣ ከሌላው በኋላ ሌላው። ያነበቡትን ይዘው መናኸሪያ ሲገቡ ደግሞ ማን ያቆማቸው?

ከዚያ ወር ሳይሞላ የሊቀመንበሩ ስም ተቀየረ። አላውቃትም ይሉት ጀመር። ትራፊክ ፖሊስ መኪና አቁሞ ይህች መኪና የማን ናት ሲል ሹፌሩ "አላውቃትም" ይላል፣ ረዳቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰውየው የማኅበሩን ስብሰባ ሊከፍት ሲነሳ ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና በሳል መሐል "አላውቃትም" ይላል። ሰው ሁሉ አጎንብሶ ጫማውን ያያል። ስለ ቤተሰባዊነት መናገሩን ተወ አሉ፤ ከዚያ ጨርሶ መናገሩን ተወ።

እኔ ግን አፈርኩ። መነጽር ቤት የሚመጣ ደንበኛ ሳይቀር ያቺ የሐሙሷ ሴትዮ እናትሽ ናት አሉ ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን እራት ላይ ተቆጣኋት። እማዬ፣ ሰው ምን ይላል፣ ሽማግሌ ሰውን መሳቂያ አድርገሽ ምን ታተርፊያለሽ፣ ያለፈ ነገር እኮ ነው አልኳት።

"ለአንቺ አልፏል?" አለችኝ።

"ለእኔ አልፏል።"

አየችኝ። ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

የሰውየው ሚስት ሱቅ ድረስ መጣች። ያገባት እኛ ከተባረርን በኋላ ነው፣ እዚያው አባቴ በሠራው ቤት ውስጥ። ጥሩ ጫማ አድርጋ፣ የት ልርገጥ እያለች፣ የተነቀሉ ወንበሮችን ዘላ ገባች። እናቴ ተቀመጪ አላለቻትም። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ባሌ እንቅልፍ አጣ፣ ደም ግፊቱ ወጣ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይሰደባሉ፣ የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪን እንነጋገር አለች። ልጆቿ መሰደባቸው እኔን ትንሽ ከነከነኝ። እናቴን አልከነከናትም።

"እኔ የምፈልገው ቀላል ነው" አለቻት። "ዳኛ ፊት ቆሞ አውቃታለሁ ይበል።"

"እንዲያ ካለ እኮ ያኔ በሐሰት መሰከረ ማለት ነው።"

"አዎ፣ ማለት ነው።"

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ የሞተ ነገር ቀስቅሰሽ ምን ልታደርጊበት ነው አለች። እናቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የሞተው ባሌ ነው፣ ሌላ የሞተ ነገር የለም ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ሴትዮዋ በመጣችበት እየዘለለች ወጣች።

ሰውየው ግን አውቃታለሁ ሊል አይደለም ያሰበው። የራሱን ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት አመለከተ፤ መዝገቡ ለሕዝብ እንዳይታይ ይታገድልኝ አለ። መጥሪያው ሲደርሳት እናቴ ቀለሟ ተለወጠ። ያቺ በስንት መከራ ያገኘቻት መስኮት ልትዘጋባት ነው። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቷ ጠመመ፤ ወረቀቱን ይዛ ወሬኛው ጠበቃ ቢሮ ደረጃውን ወጣች፣ እኔም ተከትያት።

ጠበቃው ማመልከቻውን አንብቦ ጨርሶ መሳቅ ጀመረ። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ውኃ ጠጥቶ አስረዳን። መዝገብ ለሕዝብ እንዳይታይ የሚታገደው በአንድ ምክንያት ነው፤ የቤተሰብ ምስጢር ያለበት ከሆነ። ያም የሚሆነው ተከራካሪዎቹ እርስ በርሳቸው ቤተሰብ ከሆኑ ብቻ ነው። ሰውየውም የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የቤተሰባችን ምስጢር ነውና ይዘጋልኝ ብሏል። ያኔ የተከራከሩት ደግሞ እሱና እናቴ ናቸው። በሐሰት መሐላ የሚከሰስበት ጊዜ አልፏል፣ ስለዚህ ፈርቶ አይቀርም፣ ይመጣል አለ።

"እና ዳኛዋ የማን ቤተሰብ ብትለው ምን ይላል?" አለ ጠበቃው፣ ዓይኑን እየጠረገ።

እናቴ አልሳቀችም። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች።

ሐሙስ ነበር። እሷ አልመረጠችውም፣ እንዲያው ዋለ። የቤተሰብ ችሎት ከትራፊክ ችሎቱ ጎን ነው፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ሹፌሮች ነገሩን ሰምተው አንድ በአንድ እየገቡ የኋላ ወንበሮቹን ሞሉት። ሰውየው ከጠበቃው ጋር ከፊት ተቀምጧል። በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ሸምግሏል፣ ኮቱ አዲስ ነው፣ ማጅራቱ ላይ ላብ አለ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ መነጽሯ ፍሬሙ ላልቶ በየጊዜው ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ እንዳጠብቅላት እጄን በላኝ።

ዳኛዋ መጀመሪያ እናቴን ተቃውሞ አለዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ተነስታ የለኝም አለች፤ ያመልክት፣ እኔ እሰማለሁ ብላ ተቀመጠች። ዳኛዋ ወደ ሰውየው ዞረች።

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለዋል። የማን ቤተሰብ?"

"የእኔ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ተቃዋሚዋ ቤተሰብዎ ናቸው?"

ሰውየው ወደ ጠበቃው ዞረ። ጠበቃው ጆሮው ሥር አንድ ነገር አንሾካሾከ። ዳኛዋ ያቺን ገጽ ከፈተች፤ እናቴ ስንት ሐሙስ ጣቷን ያሳረፈችባት ቦታ ወረቀቱ ወዝቷል።

"እዚህ ላይ በመሐላ አላውቃትም ብለዋል" አለች። "ካላወቋቸው ቤተሰብዎ አይደሉም። ቤተሰብዎ ካልሆኑ ደግሞ መዝገቡ እንዲዘጋ ለመጠየቅ መብት የለዎትም፣ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል። የትኛው ነው?"

ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ ሹፌሮቹን አያቸው። ማንም አልሳለም። እንዲያ ጸጥ ባይሉ ይሻለው ነበር መሰለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ስሙ ሲጠራ መኖርና አንዴ ተናግሮ መገላገል፤ ሲያመዛዝን ከፊቱ ይነበባል።

"አውቃታለሁ" አለ።

"ምንዎ ናቸው?"

"የወንድሜ ሚስት ናት።"

ጸሐፊዋ ጻፈችው። እናቴን አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች፤ በሕይወቷ እንዲያ ስትደሰት አይቻት አላውቅም። ክፉ ደስታ ነበር። ያምርባት ነበር።

እኔ በቃ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። ዳኛዋ ግን መነጽሯን ገፋ አድርጋ ጣቷን ወደ ታች ባለው መስመር ላይ አወረደች፤ መዝገቡ ላይ የሕፃን ልጅ ነገርም አለ፣ እሷስ ብላ ጠየቀች።

ሰውየው ዞሮ እኔን አየኝ። ስወለድ በር ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ነው። ቅንድቡ ፎቶ ላይ የማውቀው የአባቴ ቅንድብ ነው፤ የእኔም ቅንድብ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው "የወንድሜ ልጅ ናት" አለ።

ለእኔ አልፏል ብዬ ነበር። እራት ላይ፣ እናቴን እየተቆጣሁ፣ አፌን ሞልቼ ነበር ያልኩት። አሁን ግን ሳላስበው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ።

"ክብርት ዳኛ፣ አልተሰማኝም" አልኩ።

ዳኛዋ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙት አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ ደገመው።

"አሁንም አልተሰማኝም።"

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ፊቷ ተመልሳ በደንብ ተስተካክላ ተቀመጠች። የሰውየው ጠበቃ ሊቃወም ብድግ አለ፣ ዳኛዋ በእጇ አስቀመጠችው። መነጽሯን አውልቃ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሰውየውን አየች።

"ይድገሙት" አለች።

ሦስተኛውን ኮሪደር ላይ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት። እኔ የመጀመሪያውንም በደንብ ሰምቼው ነበር።